የኤክስቦክስ ነገር፦ የወደቀ መሣሪያ ሊነሣ ይችላልን?

በዩኒቨርሲቲያችን ከእራት በኋላ የሚነሣው ክርክር ዐይነቱ ብዙ ነው። ስለ ፈተና ውጤት፥ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ፥ ስለ አገር ጉዳይ ሳንከራከር የምንተኛበት ማታ ጥቂት ነው። በዚህ መንፈቀ ዓመት ግን ከሁሉ ይልቅ ድምፅ ያስነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ መምህራኖቻችን እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ የሚሠራው ኤክስቦክስ የተባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ከተፎካካሪዎቹ ኋላ ስለ ቀረ፥ «ገና ሊነሣ ይችላል» በሚሉና «ነገሩ አብቅቷል» በሚሉ ተማሪዎች መካከል የተነሣው ሙግት ነው።

«ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ለማኅበራችን ጋዜጣ አይመጥንም» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ነገር ግን ለአንዱ መጫወቻ የሆነ ዕቃ ለሌላው እንጀራ ሊሆን ይችላል። እኔ በምኖርበት በሳንሱሲ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍተው በዚያ የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። የሰፈሩ ስም በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ከሆነው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ የነዋሪው ኑሮ ግን ያለ ሐሳብ አይደለም። ከነዚህ ወጣቶች መካከል አብረው ያደጉ ሦስት ጓደኛሞች በቅርቡ ዕቁብ ደረሳቸውና ቤታቸውን ለማስፋት ተነሡ። አንድ ነጋዴም በአንድ ፕሌይስቴሽን ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ኤክስቦክሶችን ሊሸጥላቸው ቀረበ። እነሱም «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁት ምን ትላላችሁ? ይህ ዕቃ ዕድሜ አለው ወይስ የለውም?» ብለው ጠየቁኝ። እኛ በግቢ ውስጥ ያለ አንዳች ኪሣራ የምንከራከርበት ነገር እነሱ ዘንድ የዕቁብ ገንዘብ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፥ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ኤክስቦክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የወጣው በኅዳር 2001 ነው። በዚያን ጊዜ ሜዳው በሁለቱ የጃፓን ኩባንያዎች፥ በሶኒና በኒንቴንዶ፥ የተያዘ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ ኤክስቦክስ 360 በ2005 ወጣና ከ80 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ምንም እንኳ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሙቀት እየተበላሹ ፊታቸው ላይ ቀይ መብራት እያበሩ ቢቆሙም፥ ኩባንያው በ2007 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመና የተበላሸውን በነፃ መጠገን ጀመረ። ገዢውም ይቅር አለው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውድቀቱ የጀመረው በ2013 ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ኩባንያው ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ሦስተኛ ትውልድ ሲያስተዋውቅ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት እንደሚኖርበት፥ ያገለገለ ዲስክ በመሸጥና በማዋስ ላይም ገደብ እንደሚደረግ ገለጠ። ገዢው ሁሉ ስለ ጮኸበት በሰኔ ሐሳቡን ሰረዘ፤ ቃሉ ግን ካንድ ጊዜ ወዲያ ከአፍ ወጥቶ ነበር። በዚያ ላይ ዋጋው 499 ዶላር ሲሆን የሶኒው ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር ወጣ። ማይክሮሶፍት በ2015 ስንት መሣሪያ እንደ ሸጠ መናገሩን አቆመ። በ2022 ግን ለብራዚል የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ የሶኒው መሣሪያ ከእጥፍ በላይ መሸጡን ራሱ አመነ።

አራተኛው ትውልድ በኅዳር 2020 በሁለት ዐይነት ወጣ። ትልቁ ሲሪስ ኤክስ 499 ዶላር፥ ትንሹ ሲሪስ ኤስ 299 ዶላር ነበሩ። በዚህ ሥራ የቆየ ልማድ አለ፤ መሣሪያ ሲያረጅ ዋጋው ይረክሳል። ለምሳሌ በ2000 በአሜሪካ በ299 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በ2009 በ99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሲሪስ ኤክስ ግን በአሜሪካ ገበያ በ2025 ሁለት ጊዜ ዋጋው ጨምሮ በአምስት ዓመቱ 649 ዶላር ደረሰ፤ ትንሹም 399 ዶላር ሆነ። ጌም ፓስ የተባለው፥ በየወሩ እየከፈሉ ብዙ ጨዋታዎችን የሚያገኙበት አገልግሎትም፥ ከፍተኛው ደረጃው በጥቅምት 2025 ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ወጣ። ለፍትሕ ያህል፥ ሶኒም በነሐሴ 2025 የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ መጨመሩን መናገር ይገባል። ኪሱ የተጎዳ ገዢ ግን ሁለተኛውን ዕቃ አስቀድሞ ይተዋል።

ከዚህም ሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ኩባንያው የራሱን ጨዋታዎች ለተፎካካሪዎቹ መስጠት መጀመሩ ነው። በ2024 በአራት ጨዋታዎች ጀመረ፤ በ2025 የመኪና እሽቅድምድሙ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ወደ ፕሌይስቴሽን ተሻገረ። በጥቅምት 2025ም ከመጀመሪያው ከ2001 ጀምሮ የኤክስቦክስ ዐርማ ሆኖ የኖረው ሄይሎ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ እንደሚወጣ ተነገረ። ከሐምሌ እስከ መስከረም 2025 ባሉት ሦስት ወራት ከመሣሪያ ሽያጭ የተገኘው ገቢ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ29 ከመቶ ወረደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ከዚህ በኋላ ተቺው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

«ይነሣል» የሚሉት ጓደኞቻችን ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፥ ባለቤቱ ድኻ አይደለም። በጥቅምት 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የገዛ ድርጅት በገንዘብ እጥረት አይሞትም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ከኤ.ኤም.ዲ ኩባንያ ጋር ሆኖ የሚቀጥለውን ትውልድ እንደሚሠራ በሰኔ 2025 አስታውቋል። ሦስተኛ፥ «ከእንግዲህ ዋናው ሣጥኑ አይደለም» ይላሉ። ኩባንያው ራሱ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በማስታወቂያው ስልኩም፥ ኮምፒውተሩም፥ ቴሌቪዥኑም ኤክስቦክስ ነው ብሏልና፥ ስሙ በየመስታወቱ ላይ እስካለ ድረስ ሣጥኑ ቢቀር ምን ጎደለ? ይላሉ።

«አበቃለት» የሚሉትም መልስ አላቸው። ገንዘብ ያለው ሰው የማያዋጣውን ሥራ ለመተው ከድኻው ይልቅ ይፈጥናል፤ ሌላ የሚኖርበት ሥራ አለውና። የራሱን ጨዋታ ለጎረቤት የሰጠ ባለ ቤት ደግሞ እንግዳውን ወደ ቤቱ ምን ብሎ ይጠራዋል? ሁሉም ነገር ኤክስቦክስ ከሆነ ኤክስቦክስ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ይላሉ።

በኔ በኩል ሁለቱም ወገኖች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ አድርገው የያዙ ይመስለኛል። ኩባንያው ያተርፋል ወይ? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። መሣሪያው ይነሣል ወይ? የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሴጋ የተባለው የጃፓን ድርጅት በጥር 2001 ድሪምካስት የተባለውን መሣሪያውን መሥራት እንደሚያቆም አስታውቆ፥ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች መሣሪያዎች ጨዋታ እየሠራ እስከ ዛሬ ይኖራል። ባለቤቱ ኖረ፤ መሣሪያው ግን ሞተ። ለሳንሱሲዎቹ ወጣቶች የማይክሮሶፍት ትርፍ ምናቸውም አይደለም። የሚገዱት ስለ መሣሪያው ነው።

የቀደሙት ምን ሆኑ?

ወደ ፊት የሚሆነውን ለማወቅ የፈለገ ሰው ያለፈውን ይጠይቃል። ወድቀው ከተነሡትና ወድቀው ከቀሩት ሁለት ሁለቱን እንመልከት።

ፕሌይስቴሽን 3 በኅዳር 2006 ሲወጣ ትልቁ ዐይነት 599 ዶላር ነበር። ሰው ሁሉ ሣቀበት፤ ጨዋታ ሠሪዎችም አሠራሩ ከበዳቸው። ሶኒ ግን ዋጋውን ደረጃ በደረጃ አውርዶ በ2009 ቀጭኑን መሣሪያ በ299 ዶላር አቀረበ፤ ጨዋታም አበዛለት። በመጨረሻ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኒንቴንዶም በ2011 መጀመሪያ ሦስት ዲ.ኤስ የተባለውን የእጅ መሣሪያ በ250 ዶላር አውጥቶ ገዢ ባጣ ጊዜ፥ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ ወደ 170 ዶላር አወረደው። የኩባንያው መሪ ሳቶሩ ኢዋታ ስለ ጥፋቱ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ፤ አስቀድመው በውድ ለገዙትም ነፃ ጨዋታዎች ተሰጡ። ያ መሣሪያ ወደ 76 ሚሊዮን ተሸጠ።

ድሪምካስት ግን አልተነሣም። ዋጋውም ረክሶ ነበር፤ ጨዋታዎቹም እስከ ዛሬ ይመሰገናሉ። ነገር ግን ሴጋ ከዚያ በፊት በ1994ና በ1995 አንዱን መሣሪያ አስገዝቶ ወዲያው ትቶት ወደ ሌላው በመሄዱ ገዢው እምነቱን አጥቶ ነበር። ስለዚህ ሰው እጁን ሰብስቦ ፕሌይስቴሽን 2ን ጠበቀ። ድሪምካስት ከ9 ሚሊዮን በጥቂት ብቻ አልፎ ቆመ። የኒንቴንዶው ዊ ዩም በ2012 ወጥቶ ከ14 ሚሊዮን ሳይደርስ ቀረ፤ ብዙ ሰው ዐዲስ መሣሪያ ይሁን ወይስ ለአሮጌው ዊ የሚጨመር ዕቃ ይሁን ለይቶ አላወቀውም ነበር። ኒንቴንዶ የዳነው ዊ ዩን በማንሣት ሳይሆን በ2017 ስዊች የተባለውን ሌላ መሣሪያ በማውጣት ነው፤ እሱም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከነዚህ አራት ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ደካማ ጉልበት ስላለው የወደቀ ከነዚህ መካከል የለም፤ ጉልበት ስለ ተጨመረለትም የተነሣ የለም። የተነሡት ባለቤታቸው ዝቅ ብሎ ወደ ገዢው ኪስ የመጣላቸውና ቃሉን የጠበቀላቸው ናቸው። የቀሩት ገዢው ያላመናቸው ወይም ያላወቃቸው ናቸው። ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ የለመንሁት የ2007 ነገርም ይህንኑ ይመሰክራል። ኤክስቦክስ 360 የተበላሸ መሣሪያ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በራሱ ኪሣራ ስለ ጠገነው ሰው አልሸሸውም። በ2013ቱ መሣሪያ የከፋው የባለቤቱ ሐሳብ ነበረ፤ ሰውም ሸሸው። ስለዚህ ወደቀ የተባለ መሣሪያ የሚነሣው በሰው እምነት ነው እላለሁ።

ከሳንሱሲ አግዳሚ ወንበር ሲታይ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሳንሱሲ ያለውን የፕሌይስቴሽን ቤት ያላየ መምህር ቢኖር ባጭሩ ልግለጥለት። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፥ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፥ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ የእግር ኳስ ነው። ሠሪው ኩባንያ በ2023 ስሙን ቢለውጠውም በኛ ሰፈር ዛሬም «ፊፋ» ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፥ ይነሣል፥ ሌላው ይቀመጣል። ስለዚህ መሣሪያውን ለመግዛት የማይችለው ልጅ ሁሉ በጥቂት ብር ተጠቃሚ ይሆናል። በሀብታም አገር አንድ መሣሪያ ለአንድ ቤት ነው፤ በኛ ዘንድ አንድ መሣሪያ ለአንድ ሰፈር ነው።

እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ መሣሪያ ለመኖር አራት ነገር ያስፈልገዋል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ጨዋታው ከጠፋ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ዲስክ መቀበል አለበት፤ ዲስክ ይገዛል፥ ይለወጣል፥ ይዋሳል። ጆይስቲኩ ሲሰበር በሰፈሩ ጠጋኝ እጅ መጠገን አለበት። አራተኛም የልጆቹ እጅ የለመደው መሆን አለበት፤ ገንዘቡን የሚከፍል ልጅ ቁልፍ ሲፈልግ ጎል ቢገባበት ሁለተኛ አይመለስም። ፕሌይስቴሽን 2ና 3 በየሰፈሩ የነገሡት እነዚህን ስላሟሉ ነው። በተቀዳ ጨዋታ መሥራታቸውም እንደ ረዳቸው የማያውቅ የለም፤ ይህ የሚመሰገን ባይሆንም እውነት ነው።

ኤክስቦክስ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? ትንሹና ርካሹ ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ጨዋታ ሁሉ በኢንተርኔት መምጣት አለበት። ትልቁም ቢሆን ዐዲስ ሲከፈት ያለ ኢንተርኔት ሥራ አይጀምርም። የኢንተርኔቱ መደብር ደግሞ ለኛ የተከፈተ አይደለም። ኢትዮጵያ በኤክስቦክስም ሆነ በፕሌይስቴሽን መደብር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ መግባት የፈለገ ልጅ የሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ ይመዘገባል። ተመዝግቦም የሚከፍልበት የውጭ ምንዛሪ ካርድ የለውም፤ በቴሌብር አይከፈልም። ስለዚህ «ስልኩም ቴሌቪዥኑም ኤክስቦክስ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ሳንሱሲ ሲደርስ ባዶ ስም ይሆናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ዋጋውንም እናስላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሲሪስ ኤክስ በመጀመሪያ ዋጋውና በአሮጌው ምንዛሪ ቢገዛ 28 ሺህ ብር ያህል ነበር። በ649 ዶላርና በ100 ብር ምንዛሪ ብቻ ብናስበው፥ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት፥ 65 ሺህ ብር ይጠጋል። ጌም ፓስም በጥቅምት 2025 ዋጋው በዚሁ ስሌት በወር 3 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በጥቅምት 2025 የወጡት የኤክስቦክስ ስም ያለባቸው የእጅ መሣሪያዎች ደግሞ ርካሹ 600፥ ውዱ 1000 ዶላር ነበሩ። ድሮ መሣሪያ ሲያረጅ ወደኛ ይወርድ ነበር፤ አሁን ሲያረጅ ከኛ ይርቃል።

«ማይክሮሶፍት ስለ ሳንሱሲ ምን አስጨነቀው? ገበያው እዚህ አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዛሬ አይደለም። ነገር ግን በአሜሪካና በእንግሊዝ ያለው ሰው መሣሪያውን አስቀድሞ መርጧል፤ የገዛውን የጨዋታ ክምችት ትቶ ወደ ሌላው አይሻገርም። ገና ያልመረጠው ሕዝብ ያለው በአፍሪካ፥ በእስያና በደቡብ አሜሪካ ነው። ወደኋላ የቀረ ነጋዴ መሪው በያዘው ገበያ ላይ ሲጋፋ ከሚውል መሪው ወዳልደረሰበት ገበያ ቢሄድ አይሻለውም? ርካሽ፥ ዲስክ የሚቀበል፥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፥ በሁለት ጆይስቲክ የሚመጣና በብር የሚከፈልበት መሣሪያ ቢያመጣ አንዱ ሣጥን ሃያና ሠላሳ ልጅ ያስተምርለታል። ያ ልጅ ነገ ሠራተኛ ሲሆን የለመደውን ይገዛል።

እንግዲህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ኤክስቦክስ ሊነሣ ይችላል፤ ከዚህ በላይ ወድቀው የተነሡ አሉና። አሁን በያዘው መንገድ ግን አይነሣም። ዋጋን እየሰቀሉ፥ የራስን ጨዋታ እየሰጡ፥ ከሣጥኑ ይልቅ ስሙን እየሸጡ መነሣት የኩባንያውን ሒሳብ ያሳምር ይሆናል እንጂ መሣሪያውን አያነሣም። በሌላ መንገድ ለመሄድ ገንዘቡም ዕውቀቱም አለው፤ የጎደለው ወደ ታች መመልከት ነው።

ለሦስቱ ወጣቶችም የሰጠሁት መልስ ከዚህ የወጣ ነው። የቀረቡላቸው ሁለቱ መሣሪያዎች ዲስክ የማይቀበሉት ዐይነት ስለ ነበሩ ርካሽነታቸው እንዳያታልላቸው፥ ሁለት ሆነው ከሚቆሙ አንድ ሆኖ የሚሠራ እንደሚበልጥ፥ ከመግዛታቸውም በፊት የሰፈሩን ጠጋኝ «ይህን ታውቀዋለህ?» ብለው እንዲጠይቁት ነገርኋቸው። ከነሱ አንዱ «እንግዲያው እናንተ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትከራከሩት ማን ይሸነፋል ብላችሁ ነው፤ እኛ ግን ማን ይጠቅመናል ብለን ነው» አለኝ። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

የኛ የተማሪዎቹ ድርሻ

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የሌላ አገር ኩባንያ ወደቀ ተነሣ እያልን ስንከራከር ሌሊቱን ማንጋት ይቻላል። ማይክሮሶፍት የኛን ምክር እንደማይጠብቅም ግልጥ ነው። ነገር ግን ከክርክሩ ውስጥ እኛ ልንሠራው የሚገባ ሥራ ወጥቶ ይታያል።

በመጀመሪያ፥ መሣሪያን የሚያኖረው በላዩ የሚሠራው ጨዋታ ነው ካልን፥ የኛ የሆነ ጨዋታ የታለ? ገበጣን እንመልከት። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወተው እረኛ ኩባንያም መደብርም አላስፈለገውም፤ ስለዚህም ገበጣ ወድቆ አያውቅም። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ይህንኑ ገበጣን፥ ደግሞም ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ ለስልክ ሠርቶ አሳይቶናል። ከኮምፒውተር ትምህርት ክፍል በየዓመቱ የሚመረቁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የመመረቂያ ሥራቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ ሁለት ልጆች ባንድ ወንበር ተቀምጠው፥ ያለ ኢንተርኔት፥ በአሮጌ ኮምፒውተር የሚጫወቱት የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ጨዋታ ቢሠሩ ምን ይከለክላቸዋል? መምህራኖቻችንስ እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ ቁም ነገር ቆጥረው ቢያርሙት?

ሁለተኛ፥ በየሰፈሩ ያለው ጠጋኝ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ከሱ ጋር ተቀምጠው ቢሠሩ እሱ ለምን እንደሚበላሽ ከነሱ ይማራል፤ እነሱም እንዴት እንደሚጠገን ከሱ ይማራሉ። ማን ከማን የበለጠ እንደሚማር ከወዲሁ ለመናገር አልደፍርም።

ሦስተኛ፥ ስለ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያለንን አነጋገር እንመርምር። ወላጆች «ልጆቻችንን ከትምህርት አስቀሩብን» ብለው የሚያሰሙት አቤቱታ በከንቱ የሚነሣ አይደለም። በትምህርት ሰዓት ደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ የሚያስገባ ቤት ሊወቀስ ይገባዋል። ቤቱ ሁሉ ባንድነት የክፋት ቤት ነው ማለት ግን ፍርድ አይደለም። ኳስ ሜዳው በቤት በተያዘበት ሰፈር ልጅ ከጓደኛው ጋር የት ይቀመጥ? ሦስቱ ወጣቶች በራሳቸው ፈቃድ በትምህርት ሰዓት ደንብ ልብስ የለበሰ አያስገቡም፤ ይህንንም በካርቶን ጽፈው በር ላይ ሰቅለውታል። ማኅበራችን እንዲህ ያሉትን ቤቶች ከሰፈሩ ወላጆች ጋር አገናኝቶ አንድ የጋራ ደንብ እንዲያወጡ ቢረዳቸው ከዘለፋ ይልቅ ይጠቅማል።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የምንከራከርበትን ብርታት ጥቂቱን ወደ ሥራ ማዞር ነው። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን አንሥቶ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ እንዲመርጥ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በኔ በኩል ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ፥ በተለይም «ኤክስቦክስ አሁን በያዘው መንገድም ይነሣል» የሚል ጓደኛ ቢኖር፥ መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲያሰማን እጠብቃለሁ። ሲጽፍ ግን መሣሪያው ለማን እንደሚነሣ ጨምሮ ይንገረን።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ከሳንሱሲ